የውሸት አይን በ500 ብር

ጥያቄና መልስ፦ ስለ ፕሮፕ (ለፊልምና ለቲያትር አስመስለው ሚሠሩት ዕቃ)፣ ስለ መድረክ ዕቃና ስለ ሜካፕ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር አጭር ሆረር ፊልም እየሠራን ነው፣ በስልክ ነው ምንቀርጸው። ታሪኩ ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት ሳጥን ሲከፈት ውስጡ ስድስት የሰው አይን ይገኛል። ለዚች ትዕይንት የመደብነው 500 ብር ነው፣ ከዛ በላይ ከየትም አይመጣም። የፒንግ ፖንግ ኳስ ገዝተን በማርከር ቡናማና ጥቁር ሳልንበት፣ እንዲያብረቀርቅ ብለን ከላይ ኩቴክስ ስንቀባው ማርከሩ ተጨማለቀ፣ ጠርገን ደግመን ሠራነው ግን ቀርጸን ስናየው ሁሉም ሰው ሳቀ፣ ካርቱን ነው ሚመስለው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችን ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ሚጠነክረውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ይግዛልን ብለን ዋጋውን ስንሰማ ዝም አልን። ምን ይሻላል?
ኬ. ነኝ፣ ከቆጪ

መልስ፦ ኬ. ወንድሜ ሬዚኑን ተወው፣ አያስፈልግህም። የሳቁት ደሞ ስዕልህ ከፍቶ አይመስለኝም፣ ኳሱ ነው ያሳቃቸው። የፒንግ ፖንግ ኳስ 40 ሚሊሜትር ነው፣ የአዋቂ ሰው አይን ግን 24 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ሰው ቁጥሩን ባያውቅም ሲያየው ትልቅ እንደሆነ ይገባዋል። ከዛ ነጩ እንደ አዲስ ሸሚዝ ነጭ ነው፣ የማንም ሰው አይን እንደዛ አይነጣም፣ የኛ ሀገር ሰው አይንማ ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ሚያደላ ነገር አለው፣ ፀሐይና አቧራ ያየ አይን ነው።

ዋናው ግን ይሄ አደለም። አንተ ጥቁሩን ኳሱ ላይ ነው የሳልከው፣ እውነተኛው አይን ላይ ግን ባለቀለሙ ክብ፣ አይሪስ ሚባለው፣ ላይ ላዩን አይደለም ያለው። ከፊቱ ኮርኒያ ሚባል ጥርት ያለ ጉልላት አለ፣ ከነጩ ወጣ ያለ፣ ከሱ ኋላ ውሃ አለ፣ ከውሃው ኋላ ነው ቀለሙ። ካላመንከኝ ጓደኛህን መስኮት አጠገብ አቁመህ ከጎን እየው፣ ጉልላቷ ወጣ ብላ ቁልጭ ብላ ትታይሃለች፣ ቀለሙ ደሞ ገባ ብሎ። ስለዚ አይን አይን ሚመስለው በስዕል ብዛት አይደለም፣ በጥልቀቱና በእርጥበቱ ነው፣ ለቀለሙ ሙሉ ቀን ከምትጨርስ ጉልላቷ ላይ አንድ ሰዓት አጥፋ።

እሺ ኳሱን ከየት እናምጣ ካልክ፣ ዶርም ውስጥ ያለቀ ሮል ኦን ዲዮድራንት ያለው ሰው አይጠፋም። ጫፉ ላይ ምትሽከረከረዋ ኳስ በቢላ ጀርባ ፈልቀቅ ስትደረግ ትወጣለች፣ መጠኗ እንደየዓይነቱ ይለያያል፣ አንዳንዷ ለአይን ልክክ ያለች ናት፣ አንዳንዷ ደሞ ትልቅ ናት፣ በሁለት መጽሐፍ መሀል አስገብተህ በማስመሪያ ለካ። 24፣ 25 ከሆነች ያዛት፣ እስከ 28ም ካሜራ ይቅር ይላል፣ ከዛ በላይ የሆነችውን ለጭራቅ አስቀምጣት። በነጻ ነው ምታገኘው። ሌላው አማራጭ ትልቁ የመስታወት ብይ ነው፣ ልጆች ሚጫወቱበት ትንሹ ብይ 16 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለሰው ያንሳል፣ ትልቁ ግን 25 ሚደርስ አለ፣ ሂርማታ ገበያ የልጆች ዕቃ ሚሸጡ ሰዎች ጋር ጠይቅ። ብይ ጥሩነቱ ክብደቱ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ሲንከባለል ሚያወጣው ድምጽ ራሱ ያስደነግጣል፣ ፕላስቲኳ ግን ቀጭ ቀጭ ነው ምትለው።

ስድስቱንም እኩል አትሥራ። ካሜራው ተጠግቶ ሚያየው አንድ ወይ ሁለት ነው፣ እነሱን በደንብ ሥራ፣ አራቱን በግማሽ ልፋት ጨርሳቸውና ከኋላ፣ ፊታቸውን አዙረህ፣ ከጨርቅ ስር ብቅ አድርገህ አስቀምጣቸው። 500 ብርህ እንደዚ ነው ሚበቃህ።

አሁን ወደ ሥራው። የሮል ኦን ኳስ ፕላስቲኩ ቀለም አይዝም፣ ቀብተኸው ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተላቆ ይወርዳል። መጀመሪያ በሳሙና እጠባት፣ ሽታውና ቅባቱ ይውጣ፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያዋን ፈግፍጋት፣ ከዛ ሶፍት ወረቀት (ሁለት ተደርቦ ነው ሚመጣው፣ አንዱን ልጠህ) በትንንሹ ቀድደህ በውሃ በቀጠነ ኮላ ለብጣት። ነጩን ኮላ ነው ምልህ፣ አናጢዎቹ ሚጠቀሙትን። ሲደርቅ አሁን ወረቀት ነው ያለህ፣ ወረቀት ደሞ ሁሉንም ይቀበላል። ጅማ ተቀምጠህ ለማቅለሚያ ቀለም አትግዛ፣ የቀዘቀዘ ቀጭን ቡና በጥጥ ነካ ነካ አርግበት፣ በተለይ ወደ ኋላና ወደ ማዕዘኑ፣ ፊት ለፊቱ ቀለል ይበል። እንዳትነክረው ብቻ፣ ኮላ ውሃ ሲበዛበት ይለሰልሳል።

ደም ስር በእስክሪብቶ አትሳል! በጣም ነው ምለምንህ። ቀይ የጥልፍ ክር ግዛ፣ አንዷን ክር ፈታትተህ ከውስጧ ጸጉር ምታክል ጭረት አውጣ፣ በመርፌ ጫፍ እየገፋህ እርጥብ ኮላ ላይ አስተኛት። ከኋላ ወፈር ብላ ትነሳና ወደ ፊት ስትመጣ እየቀጠነች፣ ሁለት ቦታ እየተሰነጠቀች፣ እየተጣመመች ትሂድ፣ ባለቀለሙ ክብ ጋር ሳትደርስ ትጥፋ። ሚበዙት በአፍንጫ በኩልና በጆሮ በኩል ባለው ማዕዘን ነው፣ ከላይና ከታች ብዙም አይታዩም። ቀዩ በጣም ከጮኸ ቡናውን እላዩ ላይ ድገመው። ከላይ አንድ ስስ የኮላ ሽፋን ሲጨመርበት ክሩ ከቆዳ ስር ያለ ይመስላል፣ ይሄን ስታየው ራስህ ትደነግጣለህ።

አይሪሱን አትሳለው፣ ፎቶ አንሳው። ጓደኛህን መስኮት ጋር አስቀምጠህ አይኑን በስልክ ተጠግተህ አንሳ፣ ክቡን ቆርጠህ አውጣ፣ 12 ሚሊሜትር እንዲሆን አርገህ አንድ ወረቀት ላይ ሀያ ሠላሳውን ደርድርና ከለር ፕሪንት አስወጣ፣ በአንድ ገጽ ዋጋ ለሁሉም ይበቃሃል። ልኩ እንዳይጠፋህ፣ ባለቀለሙ ክብ የኳሱን ስፋት ግማሽ ነው፣ ኳስህ 28 ከሆነ ክቡ 14 ይሁን። ሲወጣ ከምታየው አይን ትንሽ ፈካ አርገው፣ ምክንያቱም የኛ አይን ጥቁር ቡናማ ነው፣ ጨለማ ትዕይንት ላይ በስልክ ሲቀረጽ ጥቁር ቀዳዳ ነው ሚሆነው፣ ወደ ማር ወሰድ አርገህ ዳሩን ግን ጠቆር ያለ ቀለበት ተውለት። ሰማያዊ ምናምን እንዳታመጣ። መሀል ያለው ብሌን ደሞ በብርሃን ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፣ በጨለማ እስከ 8 ይሰፋል፣ የሞተ ሰውም ብዙ ጊዜ ሰፋ ብሎ ነው ሚቀረው፣ ስለዚ ለሳጥኑ 5፣ 6 አርገው።

ጉልላቷ ደሞ የክኒን ማሸጊያ ናት። ክብ ክኒን ሚመጣበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ አለ አይደል፣ ጫን ስታደርገው ክኒኑ ከኋላ ሚወጣው፣ እሱ። ሳትጨረምተው ባዶ ያረግከውን ፈልግ፣ አፉ የአይሪስህን ክብ ያህል፣ 11፣ 12 ሚሊሜትር፣ የሆነውን ምረጥና ዳሩን በጥፍር መቁረጫ ዙሪያውን ቁረጠው። ውስጡን ሚሞላው በሁለት ቱቦ መጥቶ ሲቀላቀል ሚጠነክረው ጥርት ያለ ሙጫ፣ ኢፖክሲ ሚባለው ነው፣ የህንጻ መሳሪያ ሱቅ አለ፣ ትልቁ ወጪህ እሱ ነው፣ ትንሿ ለስድስቱም ትተርፋለች። አሞላሉን አስተውል፦ ጉልላቷን ገልብጠህ ጽዋ አስመስለህ ፕላስቲሊን ላይ አቁማት፣ ኢፖክሲውን በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ እያልክ ሙላ፣ አይሪሷን ፊቷን ወደ ታች አርገህ ከአንድ ጎን ጀምረህ እያጋደልክ አስተኛት፣ አየሩ በሌላው ጎን ይወጣል። ቀጥ አርገህ ከላይ ከጣልካት አየር ትይዛለች፣ አረፋው ደሞ ብሌኑ ፊት ነው ሚቆመው። ከሱ በፊት ግን ወረቀቷን ፊትና ጀርባ ኮላ ቀብተህ አድርቃት፣ አለዚያ ኢፖክሲው ይመጠጥና ወረቀቱ ዘይት እንደነካው ይሆናል። በሱፐር ግሉ ልለጥፍ እንዳትል፣ ጭሱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ያነጣዋል።

ሲደርቅ የኳሱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ አርገህ (ክቡ ሚያርፍበት ያህል ብቻ) ለጥፋት። መጋጠሚያው ላይ መስመር ይታያል፣ ትንሽ ኮላ በጣትህ ዙሪያውን አሽተህ ድፈነው።

ከሳጥን ሚወጣ አይን ስለሆነ ከኋላው ጭራ ይፈልጋል፣ የአይን ነርቩን ማለቴ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፣ ጥጥ ጠምዝዘህ ኮላ አጥጣውና አድርቀው። ልብ በል፣ ነርቩ ሚወጣው ከኋላ ትክክል መሀል ላይ አይደለም፣ ወደ አፍንጫ በኩል ትንሽ ሸሸት ይላል። እንደዚ አይነቷን ነገር ተመልካቹ አያውቃትም ግን መሀል ላይ ሲሆን የቼሪ ፍሬ ይመስላል። በዙሪያው ደሞ አይንን ሚያንቀሳቅሱ ስድስት ጡንቻዎች አሉ፣ የሁለት ሦስቱን ቁራጭ በቀላ ጥጥ ብትተውለት ተነቅሎ የወጣ ነው ሚመስለው።

አሁን አንድ ምርጫ አለህ። ሰው ከሞተ ሰዓታት ሲያልፉ ኮርኒያው ይደበዝዛል፣ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይሆናል። ታሪክህ ውስጥ አይኖቹ የቆዩ ናቸው ወይስ ትኩስ? የቆዩ ከሆኑ ጉልላቷ ላይ በጣም የቀጠነ ነጭ ቀለም አሳልፈህ አታብረቅርቃት። እኔን ብትጠይቀኝ አምስቱን አደብዝዤ አንዷን ብቻ እርጥብ አርጌ ነው ማስቀምጣት፣ ሳጥኑን የከፈተው ሰው ለምን እሷ ብቻ ብሎ ያስባል። እርጥቧን በቫርኒሽ አትድከም፣ ልትቀርጽ ስትል ግሊሰሪን ከትንሽ ውሃ ጋር ቀብተህ ቅረጽ፣ ቶሎ አይደርቅም። መብራቱንም ከላይ በአምፖል ሳይሆን ከጎን አርገው፣ መስኮት ይበቃል፣ ጉልላቷ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ካየህ ሥራው አለቀ። ሁለት ሦስት ነጥብ ከታየህ መብራት አጥፋ።

አንድ ነገር፣ ደጅ ምትቀርጹ ከሆነ ለሰፈሩ ሰው ቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት ሳጥን ሙሉ አይን ይዞ ሚሄድ ልጅ ያየ ሰው ፊልም ነው ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ለምን ይሄ ሁሉ ልፋት፣ ከቄራ የበሬ አይን አምጥቶ መቅረጽ አይቀልም ወይ?
ከመንደራ

መልስ፦ አይቀልም። የበሬ አይን ከሰው አይን በጣም ይተልቃል፣ ብሌኑም ክብ አይደለም፣ አግድም የተለጠጠ ነው፣ በቅርብ የቀረጽከው እንደሆነ ማንም ያውቅብሃል። ደሞ እስክትቀርጽ ደብዝዞ ይጠብቅሃል፣ ሽታውን ተዋናዩ ፊት ላይ ታየዋለህ። ለህክምና ትምህርት ይሁን፣ ለፊልም ግን ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ እኔ ለሰርግ ዲኮርና ለልጆች ልደት ዕቃ ምሠራ ልጅ ነኝ፣ አሻንጉሊት አይን ላይ ጉልላት ለመሥራት ኢፖክሲ ስሞክር አንዴ ይጣበቅብኛል ጭራሽ አይደርቅም፣ አንዴ ደሞ አረፋ ይሞላል፣ ሌላ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ኮላውም በዚህ ዝናብ ሦስት ቀን እየቆየ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የሰፈር ሰው ከሰል ላይ አሙቂው አለኝ።
ሸ.፣ ከቦሳ

መልስ፦ ሸ. እህቴ ከሰሉን በፍጹም! በተለይ አሮጌ የፒንግ ፖንግ ኳስ ከሆነ ምትጠቀሚው፣ ድሮ ሚሠራው ከሴሉሎይድ ነው፣ እሱ ደሞ እሳት ሲያይ ቦግ ብሎ ነው ሚነደው፣ ትልልቆቹ ውድድሮች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሌላ ፕላስቲክ ቢዞሩም ሱቅ ውስጥ ያለው የቱ እንደሆነ በማየት አትለዪውም። አሴቶንም ሴሉሎይዱን ያሟሟዋል፣ ኩቴክስም ውስጥ የሱ ዘመዶች አሉ፣ ከላይ የኬ. ማርከር የተጨማለቀው ለዛ ነው። ማርከር ላይ ኩቴክስ ከመቀባትሽ በፊት መሀል ላይ ስስ ኮላ ቀብተሽ አድርቂ፣ ኮላ በውሃ ስለሆነ ሚሟሟው ማርከሩን አይነካውም፣ ከዛ በኋላ ኩቴክሱን በአንድ ምት አሳልፊው፣ እየመላለስሽ አታሺው።

ኢፖክሲ ማይደርቀው ብዙ ጊዜ ልኩ ስላልተስተካከለ ነው። ሁለቱ ቱቦ እኩል ነው ከተባለ እኩል ነው፣ ቶሎ ይደርቅልኛል ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ያባብሰዋል እንጂ አያፈጥነውም። በአይን ግምት አትስፈሪ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዢ፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ የራሱ። ስታቀላቅይ ደሞ የጠርዙንና የታቹን እየቧጠጥሽ፣ ሳትመቺው፣ ዝም ብለሽ አዙሪው፣ አረፋ ሚገባው እንደ እንቁላል ስለምንመታው ነው። ቱቦዎቹን ከመቀላቀልሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተዘግተው ትንሽ ቢቀመጡ ይቀጥናሉ፣ አረፋውም በራሱ ይወጣል። በአምስት ደቂቃ ሚደርቀው ዓይነት ቶሎ ስለሚጠነክር አረፋው ሳይወጣ ይይዘዋል፣ ቶሎም ይቢጫል፣ ቀስ ብሎ ሚደርቀውን ካገኘሽ እሱ ይሻልሻል። ለጓንት አትሳሺ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ያቀላቀልሽበትን ማንኪያ ደሞ ወደ ኩሽና አትመልሺው።

ለማድረቂያው ካርቶን ውሰጂ፣ ጎኑን ብሺ፣ ውስጡ ያንን የድሮውን ሚሞቀውን አምፖል ከካርቶኑ ራቅ አርገሽ ስቀዪ፣ ዕቃሽን ከታች አስቀምጪ፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ ብቻ አብሪው። የጅማ ክረምት ከኮላ ጋር አይስማማም፣ በአንዴ አታወፍሪው፣ ስስ ስስ አርገሽ ደራርቢው። ጉልላት ውስጥ ደሞ ኮላ አትሙዪ፣ አየር ስለማያገኝ ለዘላለም ነጭ ሆኖ ነው ሚቀመጠው።

እንደውም አንድ ነገር ልንገርሽ። የጥፍር ጄል ሚሠሩ ሴቶች ጋር ሂጂ፣ ያ በመብራት ሚደርቀው ጥርት ያለ ጄል አላቸው። አይሪሷ ላይ ጠብ አርገው፣ መብራቱ ውስጥ አስገብተው፣ ሌላ ጠብታ ጨምረው፣ እንደገና... ጉልላቷ እያደገች ትመጣለች፣ የክኒን ማሸጊያም አያስፈልግሽም። በአንድ ጊዜ ወፍራም ካረጉት ግን ከላይ ይደርቅና ከስር እርጥብ ይቀራል፣ ይሞቃልም። ለትንንሽ የአሻንጉሊት አይን ከዚህ ሚበልጥ የለም፣ ሠራተኛዋም ብዙ አታስከፍልሽም፣ ሥራው ራሱ ያስቃታል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የፍየልና የአንበሳ ተረት በአሻንጉሊት ልናሳይ ነው፣ ጭንቅላቶቹን ከወረቀትና ከዱቄት ሙጫ ሠርተናል፣ አይናቸው ግን ሁለቱም የሰው ይመስላል። ልጆች ሚነኩት ስለሆነ አደጋ እንዳይኖረውም እፈልጋለሁ።
መ.፣ ከሰቶ ሰመሮ

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ የሰው ሚያስመስለው ነጩ ነው። የሰው አይን ነጩ በግራና በቀኝ ሰፊ ሆኖ ይታያል፣ የእንስሳት ግን አብዛኛው የሚታየው ባለቀለሙ ክፍል ነው፣ ስለዚ ነጩን ያጥፉትና አይኑን ሙሉ በሙሉ በቀለም ይሙሉት። ለአንበሳ ወርቃማ ቢጫ፣ ብሌኑ ክብ። ብዙ ሰው አንበሳን እንደ ድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ አርጎ ይስላል፣ የቤት ድመት ናት እንደዛ፣ አንበሳ ብሌኑ እንደኛ ክብ ነው። የላይኛው ሽፋሽፍት ላይ ጥቁር መስመር፣ ከአይኑ ስር ደሞ ነጣ ያለ ጸጉር ቢያረጉለት ይበቃዋል።

ፍየሏ ናት ሚያስደስተው። ብሌኗ አግድም የተኛ ነው፣ አራት ማዕዘን ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ። ደሞ ፍየል አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ብሌኗ አብሮ አይደፋም፣ አይኗ ውስጥ ዞሮ ከመሬት ጋር አግድም እንደሆነ ይቆያል፣ እያየች ነው ምትግጠው ማለት ነው። ይሄን አሻንጉሊቷ ላይ ማረግ ይቻላል። አይኗን ከጭንቅላቱ ጋር አይለጥፉት፣ ክብ ካርቶን አርገው መሀሉን በትንሽ ሚስማር ላይ እንዲሽከረከር ይተዉት፣ ከኋላው ታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ሮንዴላ ይለጥፉበት፣ ጭንቅላቱ ሲደፋ ክብደቷ ወደ ታች ትጎትተውና ብሌኑ አግድም ይቀራል። ጉልላቷን ከክቡ ጋር ሳይሆን ከጭንቅላቱ ጋር ያያይዟት፣ አይኑ ከስሯ ይሽከረከር። ልጆቹ ተረቱን ትተው ይሄን ነው ሚያዩት፣ አስቀድመው ያስቡበት።

አንበሳው በጨለማ እንዲያስፈራ ካስፈለገ ሞተርና ባጃጅ ላይ ሚለጠፈውን አንጸባራቂ ስቲከር በክብ ቆርጠው ከጉልላቷ ስር ያስገቡ። የአንበሳም የድመትም የከብትም አይን በሌሊት ሚያበራው ከኋላው ብርሃን ሚመልስ ሽፋን ስላለ ነው፣ እኛ የለንም። ስቲከሩም እንደዛው ብርሃኑን ወደ መጣበት ስለሚመልስ ባትሪ ሚያበራው ሰው ከተመልካቾቹ መሀል ይቀመጥ፣ ከመድረክ ጎን ቢበራ ለማንም አይታይም።

ለአደጋው፣ ብይ አይጠቀሙ፣ ከወለቀ ትንንሾቹ ይውጡታል። ሁሉም አይን በክር ተሰፍቶ ወይ በሽቦ ከውስጥ ታስሮ ይሁን፣ ሙጫ ብቻውን አይታመንም፣ ሚስማሩም ከኋላ ጫፉ ይጠፍ። ኢፖክሲውን እርስዎ ቤት ይሥሩት፣ ክፍል ውስጥ አይሁን።

ጥያቄ፦ አጎቴ አንድ አይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ባዶውን በጨርቅ ይሸፍኑታል። አንተ እንደዚ አስመስለህ ምትሠራ ከሆነ ለሳቸውም በርካሽ አንድ ብትሠራልን።
ከአጋሮ መንገድ

መልስ፦ ወንድሜ ይሄን አልሠራም፣ ማንም ፕሮፕ ሚሠራ ሰውም እሺ እንዳይልህ። ለሰው ሚገባው አይን ኳስ አይደለም፣ እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ነው፣ ከአጎትህ ጉድጓድ ላይ ልክ ተወስዶ ለሳቸው ብቻ ሚሠራ፣ ከአይን ሽፋናቸው ስር ሚቀመጥ። ድሮ ከመስታወት ነበር፣ ጀርመን ውስጥ ላውሻ ሚባል ቦታ ያሉ መስታወት ነፊዎች ከ1835 እ.ኤ.አ. ጀምረው ስም ያወጡበት ሥራ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መስታወት ሲቋረጥ የአሜሪካ ጦር የጥርስ ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ሚሠሩበትን አክሪሊክ ወስደው አይን ሠሩበት፣ አሁንም አብዛኛው ከሱ ነው። ኢፖክሲም፣ ኩቴክስም፣ የሮል ኦን ኳስም ሰውነት ውስጥ ሚገቡ ነገሮች አይደሉም፣ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል የአይን ክፍል አለው፣ አጎትህን እዛ ውሰዳቸው። ባዶ ሆኖ ሲቆይ ጉድጓዱ እየጠበበ ስለሚሄድ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጨርቁንም ንጹህ ይሁን በላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ቲያትር ነው ምንሠራው፣ መጨረሻ ላይ ገጸ ባህሪው የጠላቱን አይን መሬት ላይ ጥሎ ይረግጣል፣ ፍርጥ እንዲል ነው ምንፈልገው። በየምሽቱ ስለምናሳይ ርካሽ መሆን አለበት። አንዱ ልጅ ደሞ አፉ ውስጥ ላስገባው ይላል።
የድራማ ክበብ፣ ከጅረን

መልስ፦ ለመድረክ ከሆነ በመጀመሪያ እፎይ በሉ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ደም ስርም አይሪስም አያይም፣ ክብ ነገር፣ ጥቁር ነጥብና ብልጭታ ነው ሚያየው። ከላይ ለኬ. የነገርኩትን ሁሉ እርሱት። ለመድረክ እንደውም መጠኑን አተልቁት፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ ስፋት እዚህ ጋር ልክ ነው።

ሚፈርጠውን ከጄላቲን ሥሩት። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የኬክ ዕቃ ያለበት ጋር ይገኛል፣ ጣዕም የሌለውን ውሰዱ። በቀዝቃዛ ውሃ ታርሶ እስኪያብጥ ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ሳይፈላ ሞቅ አርጋችሁ ታሟሙታላችሁ፣ ትንሽ ወተት ጠብ አርጉበት ይነጣል። ፓኬቱ ላይ ካለው ውሃ ቀነስ አርጉ፣ ለጣፋጭ ሚሠራው በጣም ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ አይቆምም። ቅርጹ ከጀሶ ነው፦ ኳሱን ዘይት ቀብታችሁ እስከ ወገቡ ጀሶ ውስጥ ቅበሩት፣ ሲደርቅ አውጡት፣ ግማሽ ጎድጓዳ አገኛችሁ። ሁለት ግማሽ ሠርታችሁ በሞቀ ማንኪያ ዳሩን አሟሙታችሁ አጋጥሙት። ከማጋጠማችሁ በፊት መሀሉን በማንኪያ ቦርቡሩና ቀይ ቀለም ያለው የስኳር ውሃ አርጉበት፣ ፍርጥ ሚለው እሱ ነው። ጥቁሩን በምግብ ቀለም ጠብ አርጉት፣ እየተሰራጨ ካስቸገራችሁ ከጥቁር ጄላቲን ክብ ቆርጣችሁ ለጥፉ።

ጄላቲን በሰውነት ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚ ተዋናዩ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ይዞት እንዳይዞር፣ ፍሪጅ ይቀመጥና ልክ ሲገባ ይቀበለው። ግሊሰሪን ትንሽ ከጨመራችሁበት ሳይደርቅ ይቆያል፣ ለሚረገጠው ብቻ ነው ግን፣ ለሚበላው አታርጉ።

አፌ ውስጥ ላስገባ ላለው ልጅ፣ ጄላቲን ከእንስሳ ነው ሚሠራው፣ ከከብትም ከአሳማም ይሆናል፣ ሙስሊም ከሆነ ሐላል ሚል ምልክት ያለውን እዩለት፣ ጾመኛ ከሆነም ንገሩት። ጀሶው ቅርጽ ውስጥ የወጣውን አይብላ፣ ለሱ በንጹህ ትንሽ ክብ ማንኪያ ለብቻው አውጡለት፣ ወይ ደሞ የወይን ፍሬ ላጥ አርጋችሁ ስጡት፣ ማንም አይለየውም።

የረገጠበት ቦታ ያንሸራትታል። ተዋናዩ ከረገጠ በኋላ እዛው ቆሞ ንግግሩን ይጨርስ፣ መጋረጃ ሲዘጋ ጥግ ያለው ልጅ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ቀድሞ ይግባ፣ ሰላምታ ለመስጠት ሌሎቹ ሮጠው ከመምጣታቸው በፊት።